ሸክላው ሲገለበጥ

ከባቡር ድልድይ ሥር፣ ኮኩራ ከተማ፣
አንድ ምድር ቤት አለ፣ ወሬ የማይሰማ።
ግድግዳው ላይ ጽሑፍ፦ «ሸክላው ሲዞር ዝም በል»፤
የጻፈው ሰው ሞቷል፣ ሕጉ ግን ይሠራል።
ሚስቱ ኖቡዬ ናት አሁን የምትመራው፣
መርፌውን እንደ ጫጩት አንገት የያዘችው።

እኔ ብርጭቆ አጣቢ ነኝ።
አሥራ ሁለት ዓመት በዝምታ ሳጥብ፣ ጆሮዬ ተገራልኝ።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ሰው የለም፣
ከሺጌማሱ በቀር፤ ፒያኖ ቃኚው ሽማግሌ ዝናብ አይልም፣ ጎርፍ አይልም።
ከአዳር የወጣች ነርስም አለች፤
ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን እንደ ሱቅ ዘግታለች።
ኖቡዬ ያንን ሸክላ አወጣች።

አምስት ሰዎች ናቸው፣ የፊላደልፊያ ልጆች፤
ሦስት ሳምንት ብቻ ነበሩ የዚህ አገር እንግዶች።
ተጫወቱ፣ እጅ ተነሡ፣ ዓሣ በሉ፣ ሄዱ፤
ከዚያ በኋላ ነው የሰሙትን የወለዱ።

ከበሮው ቀድሞ ይገባል፣ ጫማውን ሳያወልቅ፤
ቤዙ ይከተለዋል፣ ወለሉን እየለካ፣ ሳይስቅ።
ትራምፔትና ሳክስፎን አንድ መሰላል የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፣
ጠባቡ መታጠፊያ ላይ እንኳ አንድ ነው ትንፋሻቸው።
ከዚያ ሳክስፎኑ ብቻውን ይወጣል፤
ብሉዙን ከእናቱ ቤት ይዞ መጥቷል፣
የእኛን ኩሬ ሲያገኝ ፊቱን ታጥቦበታል።

ፒያኖውስ?
ግራ እጁ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ያጨበጭባል፣ ይሟገታል፤
ቀኝ እጁ አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ኩሬውን ይሻገራል፤
ከዚያ፣ ድንገት፣ እጁን ያነሣል።
አራት ምት ባዶ።
አንዳቸውም አልሞሉትም፣ ፈርተው ይሁን ተዋድዶ።
ሺጌማሱ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ እዚያች ቦታ፤
የሃርድ ባፕ ወንድነቱ እሳቱ ነው ይላሉ፤
እኔ የምወደው ግን ያቺን አንድ እፍኝ ዝምታ።

ሦስተኛውን ዜማ አልወደውም፤ ደወል በዛበት፣
እንግዳው ባለቤቱን ላስደስት ብሎ ማር ጨመረበት።
ይሁን። በተዋሱት ቋንቋ ማመስገን እንዲህ ነው፤ ይበዛል።

አሁን ስለ ሽፋኑ።
አትክልት ቦታ ነው፤ ኪሞኖ የለበሱ ሁለት ሴቶች፤
መካከላቸው ፒያኖ ተጫዋቹ ይስቃል፣ እንደ ልጆች።
ኖቡዬ በሃያ ዓመቷ ነው የገዛችው፣ የሦስት ወር ምሳዋን ትታ፤
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው እናቷ፣ አንዴ ዓይታ፦
«የግራው እጥፋት ከላይ ሲውል ነው ለሕያው፤
የቀኙ ከላይ ከዋለ፣ የሬሳ ልብስ ነው።
ምን አድርገዋቸው ነው እነዚህን ልጆች በቁማቸው የገነዟቸው?»

ሃምሳ ዓመት ሸክላው ተሰማ፣ ሽፋኑ ግን ተቀጣ፤
አንድ ሌሊት ሺጌማሱ የረሳውን ጃንጥላ ፍለጋ እስኪመጣ።
አነሣው፣ ገለበጠው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«የዚህ ሰውዬ የመሐረብ ኪስ» አለ፣
«ለምን በቀኝ ደረቱ ዋለ?»
ሽፋኑን ከጠርሙሶቹ ኋላ ላለው መስታወት አሳየ፤
ኪሱ ወደ ግራ ዞረ፣ የሴቶቹም እጥፋት የሕያዋን ሆኖ ታየ።
አታሚው ነበር ፊልሙን ገልብጦ ያተመው፤
ሴቶቹ ምንም አላጠፉ፣ ሃምሳ ዓመት ሬሳ ያልናቸው።

ኖቡዬ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።
አንድ ውስኪ ቀዳችለት፤ ሒሳብ አልጻፈችም።

ከዚያ ወዲህ ነው በደንብ የምሰማው።
የእኛ ዜማ ነው ያለ ይዋሻል፤
በባቡር መስኮት ያየን ሰው፣ ግራችንን ቀኝ አድርጎ ይዞን ሄዷል።
እኔስ ብሆን ፊቴን በምን አወቅሁት?
በመስታወት አይደል፣ ጠዋት ጠዋት፣ ጢሜን ስላጭ፣
እሱም ያው ገልባጭ።

የመጀመሪያው ገጽ አለቀ።
መርፌው ባዶውን ይፍቃል፤ ነርሷ ዓይኗን አልገለጠችም፤
ከራሳችን በላይ የስምንት ሰዓቱ ባቡር ሲያልፍ
ያጠብኩት ብርጭቆ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።
ኖቡዬ ተነሣች፤
ሸክላውን በሁለት መዳፏ ይዛ
ገለበጠች።